የትምህርት ቤት ድጎማ፦ ከበጀት መዝገብ እስከ ሳይንስ ቤተ ሙከራ

በሳይንስና ቴክኖሎጂ የሠለጠነ የሰው ኃይል ለማፍራት የሚነደፉ ፖሊሲዎች ውጤታቸው የሚታየው በመጨረሻ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መምህርና በተማሪዎቹ መካከል ነው። በ1986 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ መነሣቱ ይታወቃል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላ 70 በመቶው ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን የሚያደርግ ምጣኔ ተግባራዊ ሆኖ ነበር።

ይሁንና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ወጣት ሳይንስን የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከመንደሩ ትምህርት ቤት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አሰጣጥ ከተለወጠበት ጊዜ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተፈታኞች ድርሻ በ2014 ዓ.ም 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5 ነጥብ 4 በመቶ ሆኖ መመዝገቡ፣ ችግሩ ከታች ጀምሮ መታየት እንዳለበት አመልክቷል። ለውጤቱ ማነስ በርካታ ምክንያቶች የሚጠቀሱ ሲሆን፣ ተማሪው ስለ ሙከራ እያነበበ ሙከራውን ሳያይ ማደጉ ከእነዚህ አንዱ መሆኑ አያጠያይቅም።

ቤተ ሙከራን ለማደራጀት ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ሁሉም ይስማማል። ብዙም የማይወራለት ጉዳይ ግን ገንዘቡ ከተመደበ በኋላ የሚሆነው ነው። ድጎማው በዕቅድ፣ በግዥ፣ በንብረት ምዝገባና በሂሳብ ማወራረድ ሂደት ሲያልፍ በአንዱ ቦታ ከተሰናከለ፣ ተማሪው ዘንድ የሚደርሰው የተቆለፈ በር ብቻ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ድጎማው የሚጓዝበትን መንገድና በመንገዱ ላይ የሚያጋጥሙትን ችግሮች፣ እንዲሁም መፍትሔዎቹን ለማብራራት ይሞክራል።

የድጎማው አመጣጥና አሠራር

በ1999 ዓ.ም የተጀመረው የትምህርት ቤቶች መሻሻል መርሐ ግብር የአንድን ትምህርት ቤት ሥራ በአራት ዐበይት ርዕሰ ጉዳዮች ከፍሎ ያያል። እነርሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር እና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። መርሐ ግብሩ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ራሱን ገምግሞ የሦስት ዓመትና የአንድ ዓመት ዕቅድ እንዲያዘጋጅ ይጠይቃል።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ እንዳይቀር ያስቻለው ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ነው። በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ምዕራፍ የዓለም ባንክ፣ የእንግሊዝ፣ የፊንላንድና የጣልያን መንግሥታትን ጨምሮ የልማት አጋሮች ከመንግሥት ጋር የተሳተፉ ሲሆን፣ ሥርዓተ ትምህርትና መጻሕፍት፣ የመምህራን ልማት እንዲሁም የትምህርት ቤት ድጎማ ከዋና ዋና ክፍሎቹ መካከል ነበሩ። በ2010 ዓ.ም የጸደቀው ተከታዩ ፕሮግራም ደግሞ ለፍትሐዊነት ትኩረት በመስጠት፣ የገንዘብ አለቃቀቁን ከተገኘ ውጤት ጋር አያይዞታል።

ድጎማው የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው። በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ምዕራፍ ለ1ኛ ደረጃ የመጀመሪያ እርከን ተማሪ በነፍስ ወከፍ 50 ብር የተመደበ ሲሆን፣ የክፍል ደረጃው ከፍ ሲል ምጣኔውም ይጨምር ነበር። በዚህ ስሌት 600 ተማሪዎች ያሉት አንድ ትምህርት ቤት በዓመት 30 ሺህ ብር ያገኛል ማለት ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል ገንዘብ ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ተላልፎ ለትምህርት ቤቱ ይደርሳል። በትምህርት ቤት ደረጃ አጠቃቀሙን የሚወስኑት ርዕሰ መምህሩ ብቻ ሳይሆኑ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላትም ጭምር ናቸው።

በነፍስ ወከፍ የሚሰላ ድጎማ ግልጽነቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ማንኛውም ወላጅ የተማሪዎቹን ቁጥር በምጣኔው አባዝቶ ለትምህርት ቤቱ ሊደርስ የሚገባውን መጠን ማወቅ ይችላል። በሌላ በኩል ስሌቱ የሚሠራው አስቀድሞ በተሰበሰበ የትምህርት ስታቲስቲክስ ላይ በመመሥረት ስለሆነ፣ በዓመቱ የተማሪ ቁጥሩ በድንገት የጨመረ ትምህርት ቤት ለተጨማሪዎቹ ልጆች የሚሆን ገንዘብ ሳያገኝ ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም የትምህርት ቤቱን መረጃ በወቅቱና በትክክል ሞልቶ የሚልክ ሠራተኛ ለተማሪዎቹ ድርሻ የሚሟገት ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከበርካታ ፍላጎቶች መካከል

ድጎማው ትምህርት ቤቱ ሲደርስ የሚጠብቁት ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የተሰበረ ወንበር፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የመጸዳጃ ቤት በር፣ የውሃ መስመር ሁሉም ተገቢ ፍላጎቶች ናቸው። ጣሪያው ሲያፈስ ሁሉም ያያል፤ አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ቴርሞሜትር ሳይነካ ዓመቱን መጨረሱን ግን የሚያይ የለም። ስለሆነም የሳይንስ ቁሳቁስ በዕቅዱ ውስጥ በስሙ ካልተጠቀሰ፣ በስብሰባ ላይ የሚሟገትለት አያገኝም።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ሰሌዳ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ሲሆን የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ነው። የትምህርት ዘመኑ ደግሞ መስከረም ላይ ተጀምሮ ሰኔ ላይ ያበቃል። ገንዘቡ በመስከረምና በጥቅምት ከደረሰ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። በሚያዝያ ወይም በግንቦት ከደረሰ ግን በጀቱ ሳይዘጋ በፍጥነት መጠቀም ግድ ይሆናል። በጥድፊያ ወቅት ደግሞ የሚገዛው በቀላሉ የሚገኘው ዕቃ እንጂ መምህሩ በጥንቃቄ የመረጠው አይሆንም።

ሦስተኛው ጉዳይ የግዥ ሥርዓት ነው። የመንግሥትን ገንዘብ ከብክነት ለመጠበቅ ሲባል የዋጋ ማቅረቢያ ማሰባሰብ፣ ዋጋ ማወዳደርና ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል። ሥርዓቱ ተገቢ ነው። ይሁንና ቤከር፣ የሙከራ ቱቦ፣ ማይክሮስኮፕና ኬሚካል የሚሸጡ ድርጅቶች በአብዛኛው የሚገኙት በትላልቅ ከተሞች በመሆኑ፣ ራቅ ያለ ወረዳ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ለማግኘት የሚያወጣው የትራንስፖርትና የአበል ወጪ ከዕቃው ዋጋ ጋር የሚቀራረብበት አጋጣሚ አለ። ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ከምንዛሪ ጋር ስለሚንቀሳቀስም፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ቀደም ሲል የተዘጋጁ የዋጋ ግምቶችን መከለስ አስፈላጊ ሆኗል።

ለዚህ ችግር የሚሠራ መፍትሔ የጋራ ግዥ ነው። በአንድ ወረዳ ወይም በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች ፍላጎታቸውን በአንድ ዝርዝር አስፍረው ቢገዙ፣ የዋጋ ማቅረቢያው አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ መጓጓዣውም አንድ ጊዜ ይከፈላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሳይንስ መምህራን ቀደም ብለው፣ ማለትም ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት፣ በቀጣዩ ዓመት የሚያስተምሯቸውን ሙከራዎች ቆጥረው የዕቃ ዝርዝር ማቅረባቸው ነው።

ቤተ ሙከራው ለምን ይቆለፋል?

ዕቃው ተገዝቶ ትምህርት ቤት መድረሱ የሥራው ፍጻሜ አይደለም። የተገዛው ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። መምህሩ ሲፈልገው በሞዴል 20 ይጠይቃል፤ ንብረት ክፍሉም በሞዴል 22 ወጪ አድርጎ ያስረክበዋል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ዕቃው በፈረመው ሰው ኃላፊነት ሥር ይሆናል። ይህ አሠራር የሕዝብን ንብረት ከመጥፋት ለመጠበቅ የተዘረጋ ነው።

ሆኖም የመስታወት ዕቃ ባሕርይው መሰበር ነው። አርባና ሃምሳ ተማሪዎች በሚገለገሉበት ቤተ ሙከራ በዓመት ጥቂት የሙከራ ቱቦዎች መሰበራቸው የሥራው አካል እንጂ ጥፋት ሊባል አይገባም። የሙከራ ቱቦው እንደ ጠረጴዛና ወንበር በቋሚ ዕቃነት ተመዝግቦ ከሆነ ግን፣ በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲካሄድ የጎደለው ሁሉ የመምህሩ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሥጋት ያለበት መምህር ዕቃውን በሣጥኑ ውስጥ ማቆየትን ቢመርጥ አያስገርምም። ውጤቱም በመዝገብ ላይ የተሟላ፣ በተግባር ግን ሥራ ፈት የሆነ ቤተ ሙከራ ይሆናል። ኦዲተሩ ጉድለት አላገኘም፤ ተማሪውም ትምህርት አላገኘም።

መፍትሔው ሕጉን መጣስ ሳይሆን ዕቃውን በባሕርይው መመዝገብ ነው። ማይክሮስኮፕና ሚዛን ቋሚ ዕቃ ናቸው። ኬሚካል፣ የማጣሪያ ወረቀት፣ ክብሪትና መሰል ግብዓቶች አላቂ ዕቃዎች ናቸው። በቀላሉ የሚሰበሩ የመስታወት ዕቃዎችን በተመለከተ ደግሞ ስብራትን በወቅቱ የሚመዘግብ ደብተር በቤተ ሙከራው ውስጥ ማስቀመጥ፣ መምህሩና የቤተ ሙከራ ባለሙያው እንዲፈርሙበት ማድረግ፣ በየመንፈቀ ዓመቱም በርዕሰ መምህሩ በኩል ለወረዳው አቅርቦ እንዲወገድ ማስወሰን ይቻላል። በዓመታዊ ዕቅዱ ውስጥ ለምትክ መግዣ የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ አስቀድሞ ከተያዘም መምህሩ ያለ ሥጋት ይሠራል።

ከዚሁ ጋር የደኅንነት ጉዳይ ሊዘነጋ አይገባም። የስም ወረቀቱ የተላጠ ጠርሙስ ምን እንደያዘ ስለማይታወቅ ለማስተማሪያነት መዋል የለበትም። አሲድን ማቅጠን ሲያስፈልግ አሲዱ ቀስ እየተደረገ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ በዚያ መንገድ የሚፈጠረው ድንገተኛ ሙቀት ፈሳሹን ወደ ፊት ሊረጨው ይችላልና። የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት ከኬሚካሉ ጋር በአንድ የግዥ ዝርዝር ውስጥ እንዲካተቱ ማድረግ የሚገባውም ለዚህ ነው።

በአነስተኛ ወጪ የሚሠሩ ሙከራዎች

ድጎማው እስኪደርስ ድረስ የሳይንስ ትምህርት ቆሞ መጠበቅ የለበትም። በአካባቢ በሚገኙ ቁሳቁሶች የሚሠሩ፣ ነገር ግን ሳይንሳዊ ጥያቄ የሚያስነሡ ሙከራዎች ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው ምሳሌ የውሃ መፍላት ነው። ተማሪዎች ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንደሚፈላ ከመጽሐፍ ይማራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ተማሪ በቴርሞሜትር ቢለካ ግን የሚያገኘው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መለኪያው አልተበላሸም። 100 ዲግሪ የሚባለው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ለሚገኝ ሥፍራ ሲሆን፣ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው በየ300 ሜትሩ በግምት 1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። በዚህ ስሌት ውሃ በድሬዳዋ ወደ 96፣ በጋምቤላ ወደ 98 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ደጋማ አካባቢ ሽሮና ባቄላ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስዱበትን ምክንያት ተማሪው በዚህ አጋጣሚ ይረዳል። ለሙከራው የሚያስፈልገው አንድ ቴርሞሜትርና ምድጃ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ከርከዴ ነው። በገበያ የሚገኘው የከርከዴ አበባ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ የሚወጣው ቀይ ውሃ አሲድንና ቤዝን ይለያል። የሎሚ ጭማቂ ሲጨመርበት ቅላቱ ይደምቃል። የተጠለለ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። እናቶች ለልብስ ማጠቢያ ሲጠቀሙበት የኖሩት አመድ ቤዝ መሆኑን ተማሪው በዓይኑ ያረጋግጣል።

ሦስተኛው ፔንዱለም ነው። በ1 ሜትር ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥሎ ማወዛወዝ፣ 10 የሙሉ ዙር ውዝዋዜዎች የሚወስዱትን ጊዜ መቁጠር ብቻ ይበቃል። ጊዜው 20 ሰከንድ ያህል ይሆናል። ድንጋዩ በከባድ ቢተካ ጊዜው አይለወጥም። ክሩ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ሲያጥር ግን ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ርዝመቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ጊዜው ለምን በግማሽ ብቻ እንደቀነሰ መጠየቅ ተማሪውን ወደ ሒሳብ ትምህርት ይመራዋል።

አራተኛው ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነው። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን፣ በሐሩር ክልል ውስጥ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ ከአናት በላይ ታልፋለች። በአዲስ አበባ ይህ የሚሆነው በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 23 አካባቢ ነው። በእነዚህ ቀናት እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ የቆመ እንጨት ጥላ አልባ ይሆናል። በታኅሣሥ ጥላው ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ጥላውን በየሳምንቱ እየለካ የሚመዘግብ ተማሪ የምድርን ዘንግ መዘንበል ከመጽሐፍ ሥዕል ሳይሆን ከግቢው አፈር ላይ ያነበዋል።

እነዚህ ምሳሌዎች ቤተ ሙከራን የሚተኩ አይደሉም። ሕዋስን ለማየት ማይክሮስኮፕ የግድ ነው። ጥቅማቸው ሌላ ነው፤ መምህሩ በተግባር ማስተማርን ሲለምድ፣ ድጎማው ሲመጣ ምን መግዛት እንዳለበት ለይቶ ያውቃል።

ከትምህርት ቤት ውጪ ያሉ ዕድሎች

የሳይንስ ፍቅርን ከትምህርት ቤት ግቢ ውጪ ለማስረጽ የሚሠሩ ተቋማትም አሉ። በ1996 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ስለ ሥነ ፈለክ ግንዛቤ በመፍጠር ሥራው ይታወቃል። በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የኅዋ ምልከታ ማዕከል ተገንብቷል። በቢሾፍቱ ከተማ የተጀመረው የፎካ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምሕንድስናና ሒሳብ ማዕከል ለታዳጊዎች በተግባር የተደገፈ ትምህርት በመስጠት ፈር ቀዳጅ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ማዕከላት ቀጥሎ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተቋቁመዋል። በአዲስ አበባ የሳይንስ ሙዚየም በመስከረም 2015 ዓ.ም ተመርቆ መከፈቱም ይታወሳል።

እንዲህ ያሉ ማዕከላትን የሚደግፉ ለጋሾች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት የተሳታፊዎችን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ለሪፖርት ይመቻል፤ የመማርን መጠን ግን አይነግርም። ለአንድ ቀን መጥቶ ያየውን ሳይነካ የተመለሰ ተማሪና ለተከታታይ ሳምንታት በራሱ እጅ የሠራ ተማሪ በሪፖርት ላይ እኩል አንድ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። ስለሆነም ጉብኝቱ በክፍል ከሚሰጠው ምዕራፍ ጋር እንዲገናኝ፣ መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር እንዲመጣና ሲመለስ የሚደግመው አንድ ሙከራ ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ለገንዘቡ የተሻለ ዋጋ ያስገኛል።

የድጎማ ዓይነቶችና ፍትሐዊነት

ከመንግሥት በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ከሚሰጠው ድጎማ ሌላ፣ በውድድር የሚገኝ ድጋፍ አለ። ለዚህ ትምህርት ቤቱ ፕሮጀክት ቀርጾ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ጥሩ የፕሮጀክት ሐሳብ ችግሩን በግልጽ ያስቀምጣል፣ የሚሠራውን ሥራና ጊዜውን ይዘረዝራል፣ እያንዳንዱን ወጪ ከአንድ ተግባር ጋር ያያይዛል፣ ውጤቱ በምን እንደሚለካም ያሳያል። ለምሳሌ “ቤተ ሙከራ ማጠናከር” የሚለው ዓላማ ለመለካት ያስቸግራል። “የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በመንፈቀ ዓመቱ ስድስት ሙከራዎችን በራሳቸው እጅ እንዲሠሩ ማድረግ” የሚለው ግን በቤተ ሙከራ ደብተር ላይ ሊረጋገጥ ይችላል።

የውድድር ድጋፍ አንድ ሊታሰብበት የሚገባ ጎን አለው። ሐሳቡን አሳምሮ መጻፍ የሚችለው ብዙውን ጊዜ የተሻለ የሰው ኃይል፣ መብራትና ኮምፒውተር ያለው የከተማ ትምህርት ቤት ነው። ገንዘቡ ይበልጥ የሚያስፈልገው የገጠር ትምህርት ቤት ማመልከቻውን ሳያይ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል። በመሆኑም ድጋፍ የሚያስተዳድሩ አካላት ቅጹን በሥራ ቋንቋ ማዘጋጀታቸው፣ ገጾቹን ማሳነሳቸው እና የወረዳ ባለሙያዎች ትምህርት ቤቶችን በአካል እንዲያግዙ ማድረጋቸው ለፍትሐዊነት ወሳኝ ነው።

የገንዘቡ አያያዝም የራሱ ሥነ ሥርዓት አለው። ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ መዋል አይኖርበትም። የኅብረተሰብ መዋጮ በደረሰኝ ገቢ ሆኖ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ መስፈር ይገባዋል። ይህ በተለይ በ2015 ዓ.ም “ትምህርት ለትውልድ” በሚል መሪ ቃል የተጀመረው ንቅናቄ በርካታ ወላጆችን በገንዘብ፣ በዓይነትና በጉልበት ካሳተፈ ወዲህ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። የገባውና የወጣው ገንዘብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የወላጅ እምነት ይጸናል፤ በቀጣዩ ዓመትም መዋጮ ለመጠየቅ አያስቸግርም።

ከባለድርሻ አካላት የሚጠበቀው

ከላይ ከተዘረዘረው መረዳት የሚቻለው፣ የሳይንስ ትምህርት ጥራት የሳይንስ መምህሩ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ያዡ፣ የንብረት ሠራተኛውና የወረዳው የግዥ ባለሙያም ጭምር የጋራ ሥራ መሆኑን ነው። የገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ድጎማውን ትምህርት በሚጀመርበት ወቅት ማድረስ፣ ርዕሳነ መምህራን የሳይንስ ግብዓቶችን በዕቅዳቸው ውስጥ በስም መጥቀስ፣ መምህራን የዕቃ ዝርዝራቸውን ከክረምቱ በፊት ማስረከብ፣ ወላጆችም በኅብረቱ ስብሰባ ላይ ስለ ቤተ ሙከራው አጠቃቀም መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል።

ኦዲተሮችና ሱፐርቫይዘሮችም ቢሆኑ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ዕቃው መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሥራቱን ማየት ይገባቸዋል። ለዚህ የሚረዳ ቀላል መለኪያ የቤተ ሙከራ ደብተሩ ነው። በደብተሩ ላይ የተሠሩ ሙከራዎች ቀን፣ የክፍሉ ስምና የተሰበሩ ዕቃዎች ዝርዝር ሰፍረው ከተገኙ፣ ድጎማው የታለመለት ቦታ ደርሷል ማለት ነው። ገጾቹ ባዶ ሆነው ሣጥኖቹ እንደታሸጉ ከተገኙ ግን፣ የሂሳብ ሰነዱ ምንም ያህል የተሟላ ቢሆን ገንዘቡ ገና ተማሪው ዘንድ እንዳልደረሰ ሊቆጠር ይገባል።